ላባ ያልነገረን ዝምድና



ዛሬ የምናገረው ስለ ዘማሪ ወፎች ዝምድና ነው። የትኛው ወፍ ከየትኛው ጋር ከአንድ አያት ወረደ? ይህንንስ በምን እናውቃለን? ነገሩን ከሩቅ ለሚያየው የጥቂት ምሁራን ጉዳይ ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን በአገራችን ውስጥ ሌላ የትም የማይገኙ ወፎች አሉ፤ ማንነታቸው ለብዙ ዓመታት ሊቃውንትን ሲያከራክር ኖሮ በመጨረሻ በጥቂት ዲኤንኤ የተፈታ። ወደ እነሱ ከመድረሴ በፊት ግን ራቅ ወዳሉ አገሮች ይዣችሁ መሄድ አለብኝ፤ የእኛዎቹ ወፎች ታሪክ የሚጀምረው ከዚያ ስለሆነ። የምጠራቸው ዓመታት፣ ካልለየሁ በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዘማሪ ወፍ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ጣፋጭ ድምፅ ያለውን ነው። በሳይንስ ግን መለያው የድምፁ ጥዕም አይደለም፤ ድምፁን የሚያወጣው አካል አሠራር ነው። ወፎች ድምፅ የሚያወጡት የአየር ቧንቧቸው ወደ ሁለቱ ሳንባዎች በሚከፈልበት ቦታ ላይ ባለ አካል ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀርመናዊው የአካል ጥናት ሊቅ ዮሐንስ ሙለር የብዙ ወፎችን ጉሮሮ ከፍቶ ሲመረምር፣ አንዱ ትልቅ ወገን ይህን አካል የሚቆጣጠሩ ብዙ ጥንድ ጡንቻዎች እንዳሉት አየ። ዘማሪ ወፎች የምንላቸው እነዚህ ናቸው። ጫጩቶቻቸው ዜማቸውን ከታላላቆቻቸው እየሰሙ ይማራሉ። በዚህ መለኪያ በየቤታችን ጣሪያ ሥር ጎጆ የምትሠራው ድንቢጥ ዘማሪ ናት፤ የገበሬውን ማሽላ የሚፈጀው ግሪሳ ዘማሪ ነው፤ ቁራም ዘማሪ ነው። ርግብ፣ በቀቀንና ንስር አይደሉም።

በዓለም ላይ ካሉት 11,000 ገደማ የወፍ ዝርያዎች ወደ 5,000 የሚጠጉት ዘማሪዎች ናቸው። ከወፍ ሁሉ ግማሽ ያህሉ ማለት ነው። ይህን ያህል ብዙ ሆነው ሳለ አጥንታቸው እርስ በርሱ በጣም ስለሚመሳሰል፣ የወፍ ሊቃውንት ለሁለት መቶ ዓመታት ያህል የተማመኑት በውጭ በሚታየው ነበር፤ በምንቃር ቅርጽ፣ በላባ ቀለም፣ በእግር፣ በአመጋገብ። ምንቃር ደግሞ የሚታዘዘው ለምግብ ነው። አበባ ውስጥ ገብቶ ወለላ መምጠጥ ያለበት ወፍ፣ አያቱ ማንም ይሁን ማን፣ ትውልድ በትውልድ ላይ ሲደራረብ ምንቃሩ እየቀጠነና እየጎበጠ ይሄዳል። በደጋችን በእሬት አበባ ላይ የሚንጠለጠሉት የሚያብረቀርቁ ትናንሽ ወፎችና በአውስትራሊያ ወለላ እየቀሰሙ የሚኖሩት ወፎች በዚህ መንገድ ተመሳስለዋል። ሁለቱም ዘማሪዎች ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው የትውልድ ርቀት ግን እጅግ ሰፊ ነው።

ከመልክ ወዲያ ያለው ማስረጃ ዘረመል ነው። በእያንዳንዱ የወፍ ሕዋስ ውስጥ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ፊደላት ያሉት ጽሑፍ፣ ዲኤንኤ፣ ተቀምጧል። ፊደሎቹ አራት ዓይነት ብቻ ናቸው፤ አዴኒን፣ ታይሚን፣ ጉዋኒንና ሳይቶሲን። ወላጅ ይህን ጽሑፍ እየገለበጠ ለልጁ ያወርሳል። ሲገለበጥ አልፎ አልፎ አንድ ፊደል ይለወጣል፤ ለውጡም ከጽሑፉ ጋር አብሮ ይወረሳል።

የብራና መጻሕፍትን የሚያጠና ሰው ይህን አሠራር ጠንቅቆ ያውቀዋል። አንድ ገድል በተለያዩ ገዳማት በብዙ ቅጂ ሲገኝ፣ የትኛው ከየትኛው እንደተቀዳ የሚለየው በትክክለኛው ንባብ አይደለም፤ ትክክለኛውን ንባብ ሁሉም ከመጀመሪያው መጽሐፍ ወርሰውታልና። የሚለየው በግድፈቱ ነው። አንድ ቁም ጸሐፊ ደክሞት አንድ መስመር ቢዘል፣ ከእርሱ መጽሐፍ የቀዱት ሁሉ ያንኑ መስመር ዘለው ይገኛሉ። ሁለት ቅጂዎች አንድ ዓይነት ግድፈት ከተጋሩ፣ ግድፈቱ መጀመሪያ ከገባበት ከአንድ መጽሐፍ የወረዱ መሆናቸውን እንጠረጥራለን። በአንድ ግድፈት ብቻ ግን አንፈርድም፤ ሁለት ጸሐፍት ሳይተያዩ በአንድ ቃል ላይ ሊስቱ ይችላሉ። መቶ ግድፈት አንድ ላይ ሲገጥም ግን አጋጣሚ ነው የሚል አይኖርም። የወፎችን ዘረመል የሚያነብ ሰውም የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

ከዚህ የሚከተለውን ነገር ተማሪዎቼ በደንብ እንዲይዙልኝ ሁልጊዜ እለምናለሁ። ሁለት ወፎች ስለተመሳሰሉ ብቻ የቅርብ ዘመዳሞች አይሆኑም፤ በዘረመል ስለተመሳሰሉ ብቻም ቢሆን። ያ ተመሳሳይነት ለሁሉም ከሩቅ አያት የወረደ ከሆነ፣ ማን ከማን ጋር እንደሚቀራረብ የሚነግረን ነገር የለም። የሚነግረን፣ በመሃል አዲስ የገባና እነሱ ብቻ የተጋሩት ለውጥ ነው። ይህን ልዩነት ያልጨበጠ ሰው ሙሉ ጂኖም፣ ማለትም የዘረመሉ ጽሑፍ በሙሉ፣ ተነብቦ ቢሰጠውም ይሳሳታል።

በተግባር ሥራው የሚጀምረው ከጫካ ነው። ወፏ በቀጭን መረብ ትያዛለች፤ ከክንፏ ሥር ካለው ደም ሥር አንዲት ጠብታ ይቀዳና ትለቀቃለች። የእኛ ቀይ የደም ሕዋስ ኒውክለስ የለውም፤ የወፍ ግን ስላለው ጠብታዋ በዲኤንኤ የተሞላች ናት። በቤተ ሙከራ ዲኤንኤው ተለይቶ ይወጣል፣ ፒሲአር በሚባል ዘዴ ይባዛል፣ ፊደሎቹ በተራ ይነበባሉ፣ የየዝርያው ንባብም ጎን ለጎን ይሰለፋል። ከዚያ በኋላ ያለው ስሌት ከሰው አቅም በላይ ነው። ለ10 ዝርያዎች ብቻ ሊታሰቡ የሚችሉት የዘር ሐረጎች 34,459,425 ናቸው። ኮምፒውተሩ የታየውን የፊደል ለውጥ በተሻለ የሚያስረዳውን ሐረግ ይፈልጋል። ቅርንጫፎቹ መቼ እንደተለያዩም ዕድሜያቸው ከታወቀ ቅሪተ አካላት ጋር እየተመሳከረ ይገመታል።

ፊደሉን በቀላሉ ማንበብ ሳይቻል በፊት ዘረመልን ለመጠየቅ የደፈረ ሰው ነበር፤ አሜሪካዊው ቻርልስ ሲብሊ። እርሱና ባልደረባው ጆን አልኲስት በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ የተጠቀሙበት ዘዴ የተመሠረተው በዲኤንኤ ጠባይ ላይ ነው። ዲኤንኤ ሁለት የተጣመሩ ክሮች አሉት፤ ሲሞቅ ይለያያሉ፣ ሲቀዘቅዝ መልሰው ይጣመራሉ። የሁለት ዝርያዎች ክሮች ተቀላቅለው እንዲጣመሩ ከተደረገ፣ ፊደላቸው የተለያየውን ያህል ጥምረቱ ይላላል፤ ዝቅ ባለ ሙቀትም ይፈታል። የ1 ዲግሪ ሴልሺየስ ልዩነት በግምት ከ1 በመቶ የፊደል ልዩነት ጋር ይመጣጠናል። ሁለቱ ሰዎች ወደ 1,700 የሚጠጉ የወፍ ዝርያዎችን በዚህ መንገድ አነጻጽረው ውጤታቸውን በ1990 በትልቅ መጽሐፍ አወጡ። በመረጃ አያያዛቸውና በስሌታቸው ላይ ከባድ ትችት ደርሶባቸዋል፤ ከትችቱም ብዙው ተገቢ ነበር። አንዱ ግኝታቸው ግን እስከ ዛሬ ጸንቷል፤ በእኔ ዕይታ የዘማሪ ወፎችን ታሪክ ከሥሩ የለወጠው እሱ ነው።

እንግሊዛውያን ሰፋሪዎች አውስትራሊያ ሲገቡ ያዩአቸውን ወፎች በአገራቸው ወፎች ስም ጠሯቸው። ደረቱ ቀይ የሆነውን በአገራቸው ቀይ ደረት ስም፣ በዛፍ ግንድ ላይ እየተሳበ ከቅርፊት ሥር ነፍሳት የሚለቅመውን በአገራቸው ግንድ ወጪ ስም ጠሩት። የወፍ ሊቃውንትም ተከትለው እነዚህን ወፎች በአውሮፓና በእስያ ቤተሰቦች ውስጥ መደቧቸው። ሐሳቡ፣ አውስትራሊያ የዓለም ዳር ስለሆነች ወፎቿ በየጊዜው ከእስያ የተሻገሩ መጤዎች መሆን አለባቸው የሚል ነበር። የሲብሊና የአልኲስት ሙከራ ይህን አፈረሰው። የአውስትራሊያው ቀይ ደረትና የአውስትራሊያው ግንድ ወጪ ለአውሮፓ አምሳያዎቻቸው የቅርብ ዘመድ አልነበሩም። በዚያችው አህጉር አድገው፣ በዚያው ተባዝተው፣ ተመሳሳይ ኑሮ ስለገጠማቸው ተመሳሳይ መልክ ይዘው የተገኙ ናቸው።

ሁለቱ ሰዎች የአውስትራሊያን ነባር ወፎች ከቁራ ወገን ጋር አንድ ላይ አድርገው እንደ አንድ ትልቅ ቅርንጫፍ ቆጠሯቸው። እዚህ ላይ ተሳስተዋል። ፊደሉ በቀጥታ ሲነበብ፣ በ2002 በስዊድናዊው በፐር ኤሪክሰን ቡድን፣ በ2004 ደግሞ በኪት ባርከርና በባልደረቦቹ ጥናት፣ የበለጠ የሚያስደንቅ ነገር ወጣ። የአውስትራሊያ ወፎች ከዘር ሐረጉ ሥር ጀምሮ በተለያየ ጊዜ ተራ በተራ የተገነጠሉ ብዙ ቅርንጫፎች ናቸው። በመጀመሪያ የተለየው፣ ጅራቱን ዘርግቶ የጫካውን ወፎች ድምፅ ሁሉ የሚቀዳው የአውስትራሊያው ላየርበርድ ከዘመዶቹ ጋር ነው። ከዘማሪዎቹ ወጣ ብለን እነሱን የሚያቅፈውን ሰፊውን ክፍለ መደብ ስናይ ደግሞ ከሁሉም ቀድመው የተነጠሉት የኒው ዚላንድ ደቃቅ ወፎች ናቸው። በ2019 በካርል ኦሊቬሮስ መሪነት የወጣው ጥናት የዚህን ክፍለ መደብ 137 ቤተሰቦች በሙሉ ወክሎ፣ ከ4,000 በላይ የዘረመል ቦታዎችን አንብቦ፣ መነሻቸው ከ47 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት በአውስትራሊያ ምድር እንደነበረ ገምቷል።

እስቲ ይህን ወደ ቤታችን እናምጣው። አዲስ አበባ ላይ ጎህ ሲቀድ የምንሰማው የወፍ ዜማ፣ የዘር ሐረጉ እየተቆጠረ ወደ ኋላ ቢኬድ፣ ሥሩ የሚገኘው በሌላ ንፍቀ ክበብ ነው። የመጤዎች ማረፊያ የተባለችው አህጉር መነሻ ሆና ተገኘች። ይህን መላምት ቀድመው የሰነዘሩ አልጠፉም፤ ከላባና ከምንቃር ተነስቶ ማረጋገጥ ግን አልተቻለም ነበር።

መልክ እንዴት እንደሚያሳስት የሚያሳይ አንድ ምሳሌ ልጨምር፤ ሃዋይ የምወስዳችሁ ለአፍታ ብቻ ነው። በእነዚያ ደሴቶች ኦኦ የሚባሉ፣ ወለላ የሚቀስሙ ጥቁርና ቢጫ ወፎች ነበሩ። ቢጫ ላባቸው ለመኳንንት ካባ ይሠራበት ነበር። የመጨረሻው ዝርያ ድምፅ በካዋይ ደሴት የተሰማው በ1987 ነው፤ ዛሬ የሉም። ምንቃራቸው፣ ምላሳቸውና አኗኗራቸው ከአውስትራሊያ ወለላ ቀሳሚዎች ጋር አንድ ስለነበር ማንም ዝምድናቸውን አልተጠራጠረም። በ2008 ሮበርት ፍላይሸር፣ ሔለን ጄምስና ስቶርስ ኦልሰን በሙዚየም ከተቀመጡ አሮጌ ቆዳዎች ዲኤንኤ አውጥተው ሲያነቡ፣ የቅርብ ዘመዶቻቸው በሰሜን ንፍቀ ክበብ ፍሬ የሚለቅሙት ዋክስዊንግ የሚባሉት ወፎችና የአሜሪካ አህጉር ዘመዶቻቸው ሆነው ተገኙ። አንድ ሙሉ የወፍ ቤተሰብ ከምድር ጠፍቶ ነበር፤ ቤተሰብ መሆኑ የታወቀው ከጠፋ በኋላ ነው። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ያሳዝነኛል፤ ሙዚየም ውስጥ ያለች አንዲት ደረቅ ቆዳም ምን ያህል ዋጋ እንዳላት ያስታውሰኛል።

አሁን ወደ አገራችን።

በመናገሻ የጥድ ደን ወይም በባሌ ዲንሾ አካባቢ በማለዳ የተጓዘ ሰው፣ ግራጫ ሆና ከጅራቷ ሥር ቀላ ያለች፣ ተባዕቱና እንስቷ እየተቀባበሉ የሚያዜሙ ወፍ ሰምቶ ይሆናል። አቢሲኒያን ካትበርድ ትባላለች፤ በኢትዮጵያ ብቻ ትገኛለች። በ1840ዎቹ ለሳይንስ ከተዋወቀች ጀምሮ መደቧ አስቸጋሪ ነበር፤ በኋላም ባብለር በሚባሉት የእስያና የአፍሪካ ጫጫታ ወዳድ ወፎች ዘንድ ተቀመጠች። የዘረመል ንባብ ግን ከሲልቪያ ወገን አስገባት። የዚህ ወገን አንዱ አባል፣ አውሮፓውያን ስለ ዜማው የሚያደንቁት፣ ክረምታቸው ሲገባ ከፊሉ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ የሚወርደው ብላክካፕ ነው። ሌሎቹ ዘመዶቿ ደግሞ በአፍሪካ ተራሮች፣ በደቡብ አፍሪካና በፕሪንሲፔ ደሴት ተበትነው ይኖራሉ። ብላክካፑ በደጋችን ሲያርፍ፣ በዚያው ደን የምትኖረው ግራጫ ወፍ የሥጋ ዘመዱ መሆኗን ለማወቅ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ፈጅቷል።

ከዚህ ይልቅ የከበደው እንቆቅልሽ በቦረና ነበር። በያቤሎ፣ በሜጋና በአሬሮ መካከል፣ በግራር በተሸፈነ ሜዳ ላይ፣ በመንጋ ሆኖ መሬት እየቆፈረ ነፍሳት የሚለቅም ወፍ አለ። አካሉ ግራጫ፣ ክንፉና ጅራቱ ጥቁር ነው፤ በዓይኑ ዙሪያ ላባ የሌለው ሰማያዊ ቆዳ አለው። በግራር ጫፍ ላይ ከእሾሃማ ጭራሮ ትልቅ ክብ ጎጆ ይሠራል፤ ወላጆቹን ሌሎች የመንጋው አባላት በጫጩት አስተዳደግ ያግዟቸዋል። የኢትዮጵያ የቁጥቋጦ ቁራ ነው። በጣልያን ወረራ ዘመን ኤዶአርዶ ዛቫታሪ ከቦረና ከሰበሰበው ናሙና ተነስቶ፣ ኤድጋርዶ ሞልቶኒ በ1938 ለሳይንስ አስተዋወቀው፤ አዲስ ወገንም መሠረተለት።

ቁራ ነው ወይ? ይህ ጥያቄ ለአሥርት ዓመታት አላረፈም። የፊቱ ራቁት ቆዳና አረማመዱ ስታርሊንግ የሚባሉትን ወፎች ያስታውሳል። የአፍንጫው አካባቢ፣ ምንቃሩ፣ አጥንቱ ተመረመረ፤ አንዱ ሊቅ ከቁራዎች ሲደምረው፣ ሌላው ለብቻው የራሱ ቤተሰብ ይገባዋል አለ። የታላላቅ ሰዎች ክርክር ነበር፤ ሁሉም ግን የያዙት የተወሰኑ ደረቅ ቆዳዎችንና ጥቂት አጽሞችን ነው፤ ከዚያ ማስረጃ ደግሞ ከዚህ በላይ ማውጣት አይቻልም ነበር።

በ2005 የኤሪክሰን ቡድን የቁራን ቤተሰብ ወገኖች በዘረመል ሲያነጻጽር የያቤሎውንም ወፍ አካተተ። ቁራ ነው፤ ከቤተሰቡ ውስጥ ነው። ቅርበቱ ግን በየከተማችን ወደምናየው ጥቁር ቁራ አልሄደም። የሄደው ከኢራን እስከ ሞንጎልያ ባሉ በረሃዎች ውስጥ ከመብረር ይልቅ በአሸዋ ላይ መሮጥ ወደሚወዱት፣ ግራውንድ ጄይ ወደሚባሉት ወፎች ነው። ካርታ ዘርግታችሁ አስቡት። በቦረናና ከሁሉ በሚቀርበው የኢራን በረሃ መካከል የዓረብ ምድርና ባሕር አለ። ዘመዳሞቹ ከአንድ አያት ተለያይተው እንዴት ወደዚህ ደረሱ? በመሃል የነበሩት ወዴት ጠፉ? ላባን ብቻ እያዩ ይህን ጥያቄ መጠየቅ አይቻልም ነበር፤ ሊጠየቅ የቻለው ዘመዱ ከታወቀ በኋላ ነው። የዘረመል ጥናት ትልቁ ጥቅም ይህ ይመስለኛል፤ ጥያቄውን ትክክለኛው ቦታ ላይ ያስቀምጠዋል።

ይህ ወፍ ሌላም ምሥጢር ነበረው። የሚኖርበት ክልል ትንሽ ነው፤ ከክልሉ ወጣ ሲባልም ያው ግራር፣ ያው ሣር፣ ያው አፈር ይቀጥላል። ታዲያ ለምን አይሻገርም? ፖል ዶናልድና ባልደረቦቹ በ2012 ባወጡት ጥናት ድንበሩ በዓይን የማይታይ የሙቀት ድንበር እንደሆነ አሳዩ፤ ወፉ የሚኖረው አማካይ ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች በሆነው ቦታ ነው። የበረሃ ሯጮች ዘመድ ሆኖ ሳለ ከአንዲት ቀዝቀዝ ያለች ደሴት መሰል መሬት መውጣት አይችልም። የአየር ንብረቱ እየሞቀ ሲሄድ ምን እንደሚገጥመው መገመት አያቅታችሁም።

ዘረመል ሁሉን ያውቃል ብዬ እንድሄድ ግን አትፍቀዱልኝ። ለዚህ ጎረቤታችን ሶማልያ የሆነውን እነግራችኋለሁ።

በ1988 በቡሎ ቡርቲ ከተማ በሆስፒታል ግቢ ውስጥ አንዲት ከሌላው የተለየች ቡቡ ታየች። ቡቡ፣ በቁጥቋጦ ውስጥ ተደብቃ እየተቀባበለች የምትጮህ፣ በእኛም ደጋ የምትገኝ ጥቁርና ነጭ ወፍ ናት። ይህቺኛዋ መልኳ ከሚታወቁት አንዱንም አልመሰለም። ተያዘች፤ ከአንድ ዓመት በላይ እየተመገበች ቆየች፤ ደሟና የወለቀ ላባዋ ተወሰደ። አጥኚዎቹ ገድለው ቆዳዋን ሙዚየም በማኖር ፋንታ በ1990 ወደ ዱር መለሷት። በ1991 ዲኤንኤዋን ከጥቂት ዘመዶቿ ጋር አነጻጽረው አዲስ ዝርያ ናት ሲሉ አወጁ። ያለ ሬሳ፣ በዘረመል ማስረጃ የተመዘገበች ወፍ በመሆኗ ብዙ አነጋገረች። ለወፏ ሕይወት መራራታቸውን እኔ ዛሬም አከብራለሁ።

በ2008 በቢሊ ንጌምቦክ የሚመራ ቡድን የቡቡዎችን ወገን በስፋት ሲያጠና፣ ያቺ ወፍ በሶማልያ ከሚታወቀው የኤርላንገር ቡቡ የተለየች አልሆነችም፤ በላባ ቀለም ብቻ የወጣች አንድ አባል ነበረች። የመጀመሪያው ንባብ ያልያዘው ነገር ትክክለኛውን ዘመድ ነው። ማነጻጸሪያው ጠባብ ከሆነ፣ ዘረመል የሚመልሰው በቀረቡለት መካከል ብቻ ነው። ያው ጥናት ደግሞ ሌላ ነገር ገለጠ፤ ለረጅም ጊዜ አንድ ዝርያ ተብለው የኖሩት ጥቁርና ነጭ ቡቡዎች በእርግጥ ብዙ ነበሩ፤ የእኛይቱ የኢትዮጵያ ቡቡ አሁን ራሷን የቻለች ዝርያ ሆና ትቆጠራለች። በአንድ ጥናት አንድ ዝርያ ተሰረዘ፣ ሌሎች ተወለዱ።

የሚያሳስተው የማነጻጸሪያ ማነስ ብቻ አይደለም። ብዙ የቀድሞ ጥናቶች የተመረኮዙት በሕዋስ ውስጥ የራሱ ዲኤንኤ ባለው ክፍል፣ በማይቶኮንድሪያ፣ ላይ ነው፤ ይህ ደግሞ የሚወረሰው ከእናት ብቻ ስለሆነ የታሪኩን ግማሽ ነው የሚናገረው። ሁለት ዝርያዎች በጥንት ዘመን ተዳቅለው ከሆነ፣ የአንዱ ማይቶኮንድሪያ በሌላው ውስጥ ቀርቶ የሐሰት ዝምድና ያሳያል። ዝርያዎች በፍጥነት ተከታትለው ሲለያዩም እያንዳንዱ ጂን የራሱን የተለየ ሐረግ ይዞ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ነው ዛሬ በአንድ ጂን ላይ ተመሥርቶ ዝርያ የሚያውጅ ጽሑፍ ስመለከት የምጠራጠረው፤ በሺህ የሚቆጠሩ ቦታዎች ተነብበው፣ የአካል ቅርጹና ድምፁም አብረው ሲመሰክሩ ነው የምቀበለው።

አሁን የምነግራችሁ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝን ነው። በነገሌ ቦረና አጠገብ በሊበን ሜዳ፣ በሣር ውስጥ የምትኖር፣ ቡናማ ሆና ከሣሩ የማትለይ ትንሽ ላርክ አለች። ፈረንሳዊው ክርስቲያን ኤራር በ1975 አዲስ ዝርያ ብሎ መዘገባት። ሜዳው እየታረሰ፣ ቁጥቋጦ እየወረረውና ሣሩ በከብት እየተጋጠ ሲሄድ ቁጥሯ አሽቆለቆለ፤ ከአፍሪካ ዋና ምድር በዘመናችን የምትጠፋ የመጀመሪያዋ ወፍ ትሆናለች ተብሎ ተሰጋ። በሌላ በኩል፣ በሶማሌላንድ ከ1918 እስከ 1922 ጆፍሪ አርቸር የሰበሰባት፣ ከዚያ ወዲህ በእርግጠኝነት ያያት ያልነበረ ሌላ ላርክ ነበረች። ቆዳዎቿ በሙዚየም ቀርተዋል። በኋላ በጅግጅጋ አካባቢ ሜዳ ላይ የምትመስላት ወፍ ተገኘች። ክሌር ስፖቲስዉድና ባልደረቦቿ በ2013 የሊበንን፣ የጅግጅጋንና የሙዚየሙን ናሙናዎች በዘረመልና በአካል መለኪያ አነጻጸሩ። ሁሉም አንድ ዝርያ ሆኑ። ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተራርቀው ሁለት የተባሉት፣ አንዲት ወፍ ናቸው።

ይህ ስም ማስተካከል ብቻ አይደለም። ሁለት ዝርያ ከሆኑ እያንዳንዷ ለብቻዋ መትረፍ አለባት፤ አንዲቱ ከጠፋች ሌላዋ አትተካትም። አንድ ከሆኑ ግን፣ በአንደኛው ሜዳ የቀረው የተለያየ ዘረመል በሌላኛው ሜዳ ላለው ሊደርስለት የሚችልበት ዕድል ቢያንስ ሊታሰብ ይችላል። በዚያው ልክ ደግሞ፣ በአንድ ወቅት ሰፊ በነበረ የሣር ምድር ላይ የተዘረጋ አንድ ሕዝብ ዛሬ በሁለት ቁራሽ ሜዳዎች ላይ መቅረቱን ይነግረናል። በሊበን የቦረና አርብቶ አደሮች ከጥበቃ ድርጅቶች ጋር ሆነው ሣር የሚያድርበት፣ ለድርቅ ጊዜ የሚጠበቅ ካሎ ከልለዋል። ካሎ የእነሱ የቆየ ሥርዓት ነው፤ ሣሩ ሲመለስ ላርኳም መጠለያ ታገኛለች።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ ባዮሎጂ የምትማሩ አላችሁ። በእኛ አቆጣጠር በ1998 የወጣው አዋጅ ቁጥር 482 የአገራችን የጄኔቲክ ሀብት ያለ ፈቃድ እንዳይወጣ ይደነግጋል፤ ተገቢ ሕግ ነው፤ ሙሉ ፍሬ የሚያፈራው ግን ንባቡም እዚሁ ሲሠራ ነው። ዛሬ በእጅ የሚያዝ፣ ከላፕቶፕ ጋር የሚገናኝ የዲኤንኤ ማንበቢያ አለ። አራት ኪሎ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም አለን። የሊበኗን ላርክ በተመለከተ ሊሠራ የሚገባው ሥራ ግልጽ ነው፦ አርቸር ከመቶ ዓመት በፊት ከሰበሰባቸው ቆዳዎች የእግር ጣት ላይ ቅንጣት ተወስዶ፣ በሊበንና በጅግጅጋ ዛሬ ካሉት ወፎች ደም ጋር ሙሉ ጂኖሙ ጎን ለጎን ይነበብ። ከዚያ ንባብ ውስጥ በመቶ ዓመት ምን ያህል የዘረመል ልዩነት እንደጠፋ፣ በሊበን የቀሩት ወፎች እርስ በርሳቸው ምን ያህል በሥጋ እንደተቀራረቡ፣ ሁለቱ ሜዳዎችስ ለመጨረሻ ጊዜ ወፍ የተለዋወጡት መቼ እንደነበር ማስላት ይቻላል። ይህን ለመሥራት ፍላጎት ያለው ተማሪ ካለ፣ ከጥያቄው ሰዓት በኋላ ያነጋግረኝ።